የመመለሻው ሁለት ኪሎ ሜትር

ሰኞ፣ ለምርቃት 19 ቀን

ፈተናው አለቀ። ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ ይጮሃል። እኔም መጮህ አምሮኛል፤ ግን በደስታ አይደለም፣ በሰው ላይ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ "ብቻ ፈተናው ይለቅ" ስንል ኖርን። ለካ ፈተናው ሲያልቅ የሚጀምረው ክሊራንስ የሚባል አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ዘጠኝ ፊርማ አለው። ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒክ፣ መኝታ ክፍል፣ ስፖርት ክፍል (ኳስ ነክቼ አላውቅም)፣ ዕቃ ክፍል፣ ሌላም ሌላም። ዘጠኙ ካልሞላ ጋውን የለም። ጋውን ከሌለ ሰልፍ የለም።

ዛሬ አራቱን አስፈረምኩ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የመለስኩትን መጽሐፍ አምጪ ብላ ድርቅ አለች። ራሴ ከመደርደሪያው አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። "እንዴ፣ ይኸው እኮ!" አለች። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

ክፍል ስገባ ሚሊሜትር የምንላት ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ታጥፋለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ካልሲዋ ተመለሰች። አምስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረን፣ አንድ ትምህርት ተምረን፣ ይኸው ሰላም ከተባባልን ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔ ደግሞ ቀድሜ አልናገርም።

ማክሰኞ፣ 18 ቀን

የመለኪያ መሣሪያ የሚያወጣውና የሚያስገባው የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ አልፈርምም አለኝ።

"ሌቭሉ ገብቷል፣ ስታፉ ገብቷል፣ እግሩም ገብቷል" አለ፣ የከፍታ መለኪያውን መነጽር፣ ዘንጉንና ማቆሚያውን መዝገቡ ላይ በጣቱ እየተከተለ። "ደብተሩስ?"

"የቱ ደብተር?"

"የመስክ ደብተር ቁጥር አስራ ሰባት። በአንቺ ፊርማ ነው የወጣው።"

"ጋሼ፣ ደብተር እኮ ነው!"

"ለእኔ የመሣሪያው አካል ነው። መሣሪያው ያየውን የሚይዘው እሱ ነዋ።" መነጽሩን አወለቀ። "ፈልጊው። ጠፍቶም ከሆነ ጠፍቷል ብላችሁ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አምጡ። መስክ የወጣችሁት ሁለት ናችሁ።"

የት እንደገባ አላውቅም አልኩት። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው ሰው ስለ አንድ ደብተር እንዲህ ይሆናል? እሱ እኮ ያንን መዝገብ ታቅፎ ነው የሚተኛው።

ሁለታችሁም ይላል ደግሞ።

ሐሙስ፣ 16 ቀን

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እኔንም ሚሊሜትርንም አስጠሩን። ጠረጴዛቸው ላይ የመመረቂያ ሥራችን ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ ያለው የእኔ ስም ብቻ ነው።

"የተመደባችሁት ሁለት ሆናችሁ ነው" አሉ። "አሁን እሷ ለዚህ ሥራ ውጤት የላትም። ውጤት ከሌላት ከተመራቂዎች ዝርዝር ትወጣለች። እስቲ ንገሪኝ፣ ሠርታለች ወይስ አልሠራችም?"

"ሥራው ሲጠናቀቅ አልነበረችም" አልኩ። "አባቷ ታመው ሦስት ሳምንት ወደ ቤት ሄዳ ነበር።"

ይህ እውነት ነው። አንድም ቃል አልዋሸሁም።

"አንቺስ?" አሏት።

ሚሊሜትር ጫማዋን አየች። ከዚያ እኔን አየች። "የምጨምረው የለኝም" አለች።

የምጨምረው የለኝም! አፍ የላትም? እሷ በቁጥር ጉዳይ መምህር ፊት ቆማ የምትከራከር ልጅ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት እኮ ለአንድ ሚሊሜትር ስትል ሁላችንንም ፀሐይ ላይ ስላቆመችን ነው። አሁን ምን ልሳኗን ዘጋው? እኔን ልታሳጣኝ ነው። ዝም ብላ ጻድቅ ልትመስል ነው።

ኃላፊዋ የመዝጊያውን ቀን ነገሩን። ዝርዝሩ የሚዘጋው ከምርቃቱ በፊት ባለው ረቡዕ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማስረጃ ያለው እስከዚያ ያምጣ አሉ።

ስሜን አታስገቢ ያለችኝ ደግሞ ራሷ ናት። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ያደረግሁት ያለችኝን ነው።

ቅዳሜ፣ 14 ቀን

ስድስት ፊርማ። ክሊኒኩ ዝግ። ራሴን አሞኛል።

ሬዲዮ ልብስ ማጠቢያው ጋ ስታወራ ሰማኋት። ሬዲዮ ሦስተኛዋ የክፍላችን ልጅ ናት፣ ስሙን ያወጣንላት ያለ ምክንያት አይደለም። "ሰው አምስት ዓመት አብራው የኖረችን ልጅ እንዲህ ያደርጋል?" ትላለች ለሰማ ሁሉ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። ሚሊሜትር ቤቷ ሳለች ለግማሽ ቀን ስታፍ ያዢልኝ ብዬ ስለምናት "ጫማዬ ይበላሻል" ያለችኝ እሷ አይደለችም?

ማታ ስትጠርግ አልጋዬ ሥር እጇን ልካ ሻንጣዬን ልትስብ አለች። ጮህኩባት። መጥረጊያውን ጥላ "ወርቅ አስቀምጠሻል እንዴ?" ብላ ወጣች።

ሚሊሜትር ሻንጣውን አየችው። ብዙም አልቆየችበትም።

ሰኞ፣ 12 ቀን

እማዬ ደወለች። ሥራዋ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት መቁረጥ ነው፤ ሰሞኑን "ልጄ መሐንዲስ ልትሆን ነው" ሳትል ተሳፋሪ አታሳልፍም አሉ። ዓርብ ማታ ትገባለች። ጫማ ገዝታለች፣ ፀጉሯን ልትሠራ ነው፣ ካሜራ ያለው ጎረቤት አግኝታለች።

"ያቺ ቀጭኗ ጓደኛሽስ? አባቷ ተሻላቸው?"

"ተሽሏቸዋል።"

"ተመስገን! መቼም አብራችሁ ቁማችሁ ነው ፎቶ የምትነሱት። እኔ መሐል እገባለሁ።"

አይሰማኝም፣ መስመሩ ይቆራረጣል አልኳት። መስመሩ ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ 11 ቀን

ስምንት ፊርማ። የቀረው ዕቃ ክፍል ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። "የመስክ ደብተር ቁጥር 17 በሥራ ላይ ሳለ የጠፋ መሆኑን እናረጋግጣለን።" ከታች ሁለት መስመር፣ አንዱ ላይ ፈርሜያለሁ። ሬዲዮ እስክትወጣ ጠብቄ ወረቀቱን ሚሊሜትር አልጋ ላይ አስቀመጥኩ። ቀድሜ አልናገርም ያልኩትን ተናገርኩ።

"ፈርሚልኝ።"

አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከእኔ አልጋ ሥር ወዳለው ሻንጣ ዞረች።

"ያላየሁትን አልፈርምም" አለች።

በቃ። ይህን ብቻ። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ፣ እንደ ካልሲዋ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥማ። ልቀደው አልኩና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ምን አለበት ብትፈርም! ለእሷ ምን ይጎድልባታል?

ዓርብ፣ 8 ቀን፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ማንም አያነበውም፣ እንግዲህ ልጻፈው።

ደብተሩ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ከወፍራሙ ሹራቤ ሥር።

ሥራችን ከግቢው ጀርባ ካለው መነሻ ድንጋይ እስከ ውኃ ማጠራቀሚያው ድረስ የመሬቱን ከፍታ መለካት ነበር፣ ለቧንቧ። ሁለት ኪሎ ሜትር በእርሻው መሐል መሄጃ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር በሌላ መንገድ መመለሻ። እኔ ስታፉን እይዛለሁ፣ ያንን ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ። እሷ በሌቭሉ መነጽር ቁጥሩን አንብባ ትጽፋለች። ዞረሽ መነሻው ላይ ስትደርሺ ከፍታው ከመነሻው ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ሆኖ ግን አያውቅም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይስታል። የሳተው ልክ ነው ሥራሽን የሚመሰክርልሽ።

መሄጃውን ጨርሰን ማጠራቀሚያው ሥር ምስማር በመታንበት ቀን ከቤቷ ተደወለ። አባቷ ወድቀዋል። በጭቃ ጫማዋ ነው የሄደችው። "መመለሻውን ስመጣ እንሠራዋለን፣ ካልሆነም ሰው ፈልገሽ ጨርሺው" አለችኝ።

ሰው ፈለግሁ። ሬዲዮን ለመንኩ። ሌሎቹም የራሳቸው ሥራ ነበራቸው። ዝናቡ አላባራም። አማካሪያችን ሁለት ጊዜ "የት ደረሳችሁ?" አለኝ። ያ ሥራ ለአንድ ሰው አይቻልም፤ ዘንጉንም መነጽሩንም እንዴት አድርጌ ልያዘው? አንድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አልጋ ላይ ተቀምጬ የመመለሻውን ቁጥር ሁሉ ጻፍኩት። ድምሩ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ እንዲስት አድርጌ ሠራሁት። ሦስት እስክሪብቶ ቀያየርኩ። ከዚያ መስክ የዋለ እንዲመስል ከጫማዬ ጭቃ በጣቴ ወስጄ የገጾቹን ጠርዝ ቀባሁ።

ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ሚሊሜትር መጣች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ደብተሩን ገለጠች። ቁጥሩን አይደለም ያየችው፣ ጭቃውን ነው።

"ይሄ ከየት መጣ? መመለሻው እኮ በአስፋልቱ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ያልተባባልነው የለም። ነገ ንጋት ላይ ወጥተን እንለካው፣ አንድ ቀን ይበቃናል አለች። አይበቃም፣ ገና ያልተጻፈ ምዕራፍ አለ አልኩ። "ያላነበብኩትን ቁጥር በስሜ አላስገባም" አለች። "አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ እኔ ልሙትልሽ?" አልኳት። አባቷ አልጋ ላይ እያሉ ይህን አልኳት። "እንዲህ ከሆነ ስሜን አታስገቢ" አለች። በንዴት ነው ያለችው። እኔም እሺ አልኩ፣ በማግስቱ የማላደርገው መስሎሻል እንዴ ብዬ ሽፋኑን በእኔ ስም ብቻ አሳተምኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ እንኳን ልለቅም ገና እያፈሰስኩ ነው።

ደብተሩን ለምን አላቃጥለውም? የመጀመሪያው ግማሽ የእሷ ጽሑፍ ነው። ትንንሽ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድም ስርዝ የለውም። ኃላፊዋ ፊት ቢቀርብ መሥራቷን ይመሰክርላታል። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ በእኔ ላይ ይመሰክራል።

ለምን አትናገርም? በአንድ ዓረፍተ ነገር ልታጋልጠኝ ትችላለች። ብትናገር ኖሮ እኔም ተጣልቼ፣ ተሰድቤ፣ እገላገል ነበር።

እሑድ፣ 6 ቀን

የሚሊሜትር አባት ጥቅል ላኩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ግራ እጃቸው ገና አይታዘዝላቸውም ብላ ለሬዲዮ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ሁለት ቀሚስ ነው የላኩት። ልካችንን ባለፈው ዓመት ሊጠይቋት ሲመጡ ወስደውት ነበር።

አንደኛው ላይ በመርፌ የተያያዘ ወረቀት አለ። "ለጓደኛሽ። ቢሰፋት ይጠበብላታል። ቢጠባት ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የካፍቴሪያው ነው።"

ሚሊሜትር ቀሚሱን አምጥታ አልጋዬ ላይ ዘረጋችው። አልወረወረችውም። ዘርግታ፣ እጅጌውን አቅንታ ሄደች።

ለምን ትሰጠኛለች? አትደብቀውም ነበር? "ተጣልተናል" ብላ አትመልስላቸውም ነበር? እንዲህ ያለ ነገር ሰውን በጥፊ ከመምታት ይብሳል። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ለካሁት። ልክክ አለ። አውልቄ ሻንጣው ላይ ወረወርኩትና መልሼ አነሳሁት።

እሷ የራሷን አልለካችውም።

ማክሰኞ፣ 4 ቀን

ማስታወቂያ ተለጠፈ። ነገ አስራ አንድ ሰዓት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል፤ ከሥሩ ቀይ መስመር።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ረቡዕ፣ 3 ቀን

ጠዋት ደብተሩን አወጣሁ። ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። መልሼ አወጣሁ።

እማዬ ደወለች፣ አላነሳሁም።

ስምንት ሰዓት። አሁን ብወጣ እደርሳለሁ።

አስር ሰዓት። ራሷ ለምን አትሄድም? እግር የላትም? ስለ እሷ ጉዳይ እኔ ለምን ልሩጥ?

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ።

ሐሙስ፣ 2 ቀን

ጠዋት ከመታጠቢያ ስመለስ ሚሊሜትር ኮሪደሩ ጫፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስልክ ታወራለች። ቆምኩ። መስማት አልነበረብኝም።

"አይ አባዬ፣ አትድከም። ዘንድሮ አይሆንም . . . እኔ ነኝ የዘገየሁት፣ የእኔ ጥፋት ነው . . . ኧረ አላለቅስም። . . . እሷማ ትመረቃለች። ቀሚሱ ልኳ ነው አባዬ፣ በደንብ ነው የሆናት።"

ስለካው አላየችኝም። ልኬ መሆኑን እንዲሁ በእምነት ነው የነገረቻቸው። ያላየችውን የማትፈርም ልጅ።

ክፍል ገብቼ ሻንጣውን ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። ደብተሩን ይዤ ዕቃ ክፍል ድረስ ሮጥኩ፣ እግሬ ላይ የመታጠቢያ ነጠላ ጫማ ነበር።

ሰውዬው መነጽሩን አጠለቀ። (ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ልበላቸው፣ ምን አድርገውኛል?) ደብተሩን ከፊት ጀምረው ገጽ በገጽ ገለጡ። የሚሊሜትር ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ ዝግ አሉ። ከዚያ የእኔ ላይ ደረሱ፣ ድምሩን አዩ፣ መዝገባቸውን ስበው ቀኑን አመሳከሩ።

"ሌቭሉ በዚህ ቀን እዚሁ መደርደሪያ ላይ ነበር" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት መሣሪያ ሳወጣና ሳስገባ ኖሬያለሁ። በዝናብ ወጥቶ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ስቶ የመጣ ተማሪ አላየሁም።" ደብተሩን ዘጉ። "እዚህ ክሊራንስ ላይ ልፈርምልሽ እችላለሁ። ደብተሩ ገብቷል። ቀሪው የእኔ ሥራ አይደለም።"

"አይፈርሙ" አልኩ። "ወደ ኃላፊዋ አብረውኝ ይሂዱ።"

ሱቃቸውን እንደሚዘጋ ሰው በሩን ቆልፈው ተከተሉኝ።

ዓርብ፣ 1 ቀን

ኃላፊዋ ሁለታችንንም አቆሙን። የእኔ ውጤት ተሰርዟል። መመለሻው በትክክል ተለክቶ ሲገባ ሥራው በሁለታችንም ስም ይታረማል፣ የምስክር ወረቀታችንን ከሦስት ወር በኋላ ከቢሮ እንወስዳለን። ሰልፍ የለም።

"ይህ ደብተር ከትናንት ወዲያ መጥቶ ቢሆን ስሟ በዝርዝሩ ይቆይ ነበር፤ መመለሻውን ትናንት ለክታ እሷ ነገ ትመረቅ ነበር" አሉኝ። "መዘጋቱን አታውቂም ነበር?"

ሚሊሜትር አጠገቤ ቆማለች።

"አውቅ ነበር" አልኩ። "ደብተሩን ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሰዓቱን እያየሁ ነበር።"

ሚሊሜትር ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። ቁጥሩን ማጭበርበሬን ታውቅ ነበር። ይህን አታውቅም ነበር። ደጅ ስንወጣ ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እጇን አንስታ አስቆመችኝና ሄደች።

ማታ እማዬ በአዲሱ ጫማዋ ከአውቶቡስ ወረደች። እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። አላቀፈችኝም።

"ሃያ ዓመት ትኬት ስቆርጥ ለሌለ ወንበር ቆርጬ አላውቅም" አለች። "የሰው ልጅ ከተቀመጠበት አስነስቼ የራሴን አስቀምጬም አላውቅም። አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው?"

ለሚሊሜትር አባት የገዛችውን ብርድ ልብስ ሰጥታኝ በመጣችበት አውቶቡስ ተመለሰች። ለተሳፋሪው ምን ትላለች? ደግሞ እዚያም ላይ ተናደድኩ፣ ግን የምናደድበት ሰው አጣሁ። ከእኔ በቀር።

ቅዳሜ

ጋሼ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ ክፍሉን ከፈቱ። "ዛሬ ሁሉም ሰልፍ ላይ ነው፣ መሣሪያ የሚፈልግ የለም" አሉ። ስታፉን ራሳቸው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሚሊሜትር ቀድማ ደርሳ ሌቭሉን ሳጥኑ ውስጥ እያየች ነበር። ለእኔ ብላ አይደለም የመጣችው፤ ውጤቷ ከመመለሻው ጋር ታስሯል።

ከማጠራቀሚያው ምስማር ተነሳን። ጋሼ ዘንጉን ይዘው ፊት ፊት ይሄዳሉ። ሚሊሜትር በመነጽሩ ታነባለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እጽፋለሁ። ከቁጥር በቀር አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

"አንድ፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አራት።"

"አንድ፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አራት" ብዬ እደግማለሁ። እጽፋለሁ። ሌቭሉን ከነእግሩ አንስተን እንሄዳለን።

አስፋልቱ ግቢውን አጥር አጥሩን ነው የሚዞረው። ስምንተኛው ማቆሚያ ላይ ስንደርስ ከሜዳው ድምጽ ማጉያው የእኛን ትምህርት ክፍል መጥራት ጀመረ። ሚሊሜትር ሌቭሉ ላይ አጎንብሳ ነበር። ስሞቹ አንድ በአንድ ተጠሩ፣ ጭብጨባው ተሰማ፣ ሬዲዮም ተጠራች። የሚሊሜትር ተራ በነበረበት ቦታ ቀጣዩን ስም ጠሩ። ጋሼ ዘንጉን ቀጥ አድርገው እንደያዙ ይጠብቃሉ። እሷ ዓይኗን ከመነጽሩ አላነሳችም፤ ግን አላነበበችም።

ሰውነቴ ሁሉ ጆሮ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች፣ መልሳ አጎነበሰች።

"አንድ፣ አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት።"

ደገምኩላት። ጻፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መነሻው ድንጋይ ጋ ደረስን። ሜዳው ተበትኗል፣ ሰዎች አጥሩ ሥር ጋውናቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ደመርኩ። ለአራት ኪሎ ሜትር የሚፈቀደው ሃያ አራት ሚሊሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ደመርኩ፣ ያው መጣ።

ሚሊሜትር እግሩን እያጠፈች ነበር።

"ስንት ሳተ?" አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

"አስራ አንድ።"

የእግሩን ማሰሪያ አጠበቀች።

"ጻፊው" አለች።

ጻፍኩት።